ከወጌሻ ደጅ እስከ ሪፈር ወረቀት

በኢትዮጵያ የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚመረመረው እቤቱ ነው። መርማሪዎቹም እናት፣ አያት፣ ቡና ልትጠጣ ጎራ ያለች ጎረቤት ናቸው። ግንባሩ ይዳሰሳል፤ ምን እንደበላ፣ ላብ እንዳጠመቀው ፀሐይ ላይ ወጥቶ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ከዚያ ብያኔው ይሰጣል። «ምች ነው» ከተባለ ዳማከሴ ከጓሮ ተቀንጥሶ በመዳፍ ይታሻል፤ ጭማቂው ይሸተታል፣ ጠብ ተደርጎም ከቡና ጋር ይጠጣል። «የወፍ በሽታ» ወይም «አልማዝ ባለ ጭራ» ከተባለ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይከተላል፦ «መርፌ አይወድም»። ሁለት ቃል ብትሆንም በሽተኛው ወደ የትኛው በር እንደማይሄድ የምትወስን መመሪያ ናት፤ ብዙ ሰውም ሐኪም ቤት ከመሄድ አግዳለች። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ሥር ለመስደድ የፈጀው ከመቶ ዓመት በላይ ጊዜ፣ ሐኪምና መድኃኒት በማምጣት የመጠመዱን ያህል፣ ታማሚው አስቀድሞ የሚያንኳኳውን በር በማዛወርም ተጠምዷል።

ከሆስፒታል በፊት የነበረው ሥርዓት የዘፈቀደ አልነበረም፤ በሙያ የተከፋፈለ ነበር። አጥንቱ የተሰበረና ወለም ያለው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። ምጥ ለያዛት የልምድ አዋላጅ ትጠራለች። «ደሙ በዝቷል» የተባለ ዋግምት ይደረግለታል፤ ቆዳው በምላጭ ጫር ጫር ተደርጎ በቀንድ ይሳባል። ኮሶ ለመጠጣት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር በየሁለት ወሩ ገደማ የሚደገም የቤት ልማድ ነበር። ፈንጣጣ አገር ሲገባ ከታመመው ሰው ቁስል ጥቂት ወስዶ የጤነኛውን ክንድ እየጫሩ ማስገባትም የታወቀ ነበር፤ ዛሬ «ክትባት» የምንለው ቃል የወጣበት «ከተበ» ጽሑፍን ለመጻፍም ቆዳን ለመጫርም የሚያገለግል ግስ ነው። መንፈስ ያደረበት ወደ ጠበል ወይም ወደ ባለዛር ይወሰዳል፤ ክታብ የሚያስፈልገው ደግሞ ደብተራ ይፈለግለታል። በደብተራዎች እጅ ይዘዋወሩ የነበሩት የመድኃኒት መጻሕፍት የሥርና የቅጠል ቅመማን ከጸሎትና ከአስማት ጋር በአንድ ብራና ይዘዋል፤ ጻፊዎቹ በሁለቱ መካከል ድንበር የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም።

ችግሩ ባለሙያውን ማግኘት ላይ ነበር። መድኃኒት አዋቂ በሩ ላይ ምልክት አይሰቅልም። ቅጠሉን የሚቆርጠው ገና ሳይነጋ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገር ነው፤ ስሙን ለሌላ ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል ተብሎ ይታመናል። ዕውቀቱን የሚያወርሰው ከልጆቹ ለመረጠው ለአንዱ፣ ብዙ ጊዜም ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የታማሚው ቤተሰብ በወሬ ይመራል፤ «እከሌን ያዳነው» ሰውዬ የት ቀዬ እንዳለ ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠየቃል። ማስረጃው የዳነው ሰው ነው፤ ሳይድን የሞተው ግን ምስክርነት አይሰጥም።

ከሁሉም ጠንክሮ እስከ ዛሬ የዘለቀው ወጌሻ ነው። ጥሩ ወጌሻ የተሰበረውን ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ አጥንቱ ወዴት እንደሸሸ ያውቃል፤ በቅቤ ያሸዋል፣ ይስባል፣ ያገጣጥማል፤ ከዚያ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ደግፎ በጨርቅ ይጠፍራል። ወለምታን በአንድ ቅጽበት የሚመልሱ አሉ፤ ስማቸውም አገር ያካልላል። ጉዳቱ የሚመጣው ከጥፈራው ነው። እብጠት ያለበት ክንድ ላይ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ቀርከሃ ደም ያግዳል፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ «አጥንቱ እየገጠመ ነው» ይባላል፤ ጣቶቹ ሲጠቁሩ ጊዜው አልፏል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ክንድ ከሚቆረጥባቸው ሕፃናት መካከል መነሻቸው ቀላል ስብራት፣ መጨረሻቸው ጥብቅ ጥፈራ የሆኑ እንዳሉ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ወጌሻው ዕውቀት የሌለው ሰው አይደለም፤ የጎደለው የማይችለው ሲገጥመው የሚልክበት ቦታ ነበር።

ነገሥታቱም ቢሆኑ በዚህ ረገድ ከገበሬው ብዙ አይሻሉም ነበር። አድያም ሰገድ ኢያሱ የቆዳ በሽታ ሲያስቸግራቸው ሐጂ ዓሊ የተባለ ነጋዴ ሐኪም ይዞ እንዲመጣ ወደ ካይሮ ላኩ። የተገኘው ሻርል ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን በሱዳን በረሃ አቋርጦ በ1691 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገባ፤ ንጉሡንም አከመ። ለአንድ የሕክምና ቀጠሮ ወራት የፈጀ መንገድ ማለት ነው። ከሰባ ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ከተማዋ ፈንጣጣ ገብቶባት ነበር፤ እሱን በቁስቋም ቤተ መንግሥት ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር ያቀራረበው የያዘው ደብዳቤ ሳይሆን የታመሙ ልጆችን ማስታመሙ ነው። ባዕድ ሐኪም በኢትዮጵያ በር የሚከፍትለት ሙያ እንደያዘ ሚስዮናውያንና ዲፕሎማቶች ቶሎ ገባቸው፤ ለሁለት መቶ ዓመት ያህልም ተጠቀሙበት።

ሐኪም ቤት የሚባለው ነገር ራሱ የመጣው በጦርነት በኩል ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. ክረምት፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ለማከም አዲስ አበባ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ የተቋቋመው የሩሲያ ሆስፒታል ለዓመታት ሲያገለግል ቆየ፤ በ1902 ዓ.ም. ገደማ በመንግሥት ስም የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም የዚያ ተከታይ ነው። በእነዚያው ዓመታት ሜራብ የተባለ ጆርጂያዊ ሐኪም በከተማዋ መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ ስለ አገሩ ሐኪሞችና መድኃኒቶችም መጽሐፍ ጻፈ። አዲስ አበቤው እንግዲህ ቢያንስ ሁለት አዲስ በሮች አገኘ፤ አንዱ የሚያስተኛ፣ ሌላው የሚሸጥ።

የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የዘመናዊ ሕክምና ሐኪም ታሪክ ልብ ወለድ ይመስላል። ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወላጆቹ አጠገቡ ሳይኖሩ የተገኘ ሕፃን ነው፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ህንድ ወሰዱት፣ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፣ ላሆር ሕክምና ተማረ። ጎልማሳ ሆኖ አገሩ ሲመለስ አያቱ ማንነቱን ያረጋገጡት በሰውነቱ ላይ በቀረ ጠባሳ ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚያውቀው «ሐኪም ወርቅነህ» በሚለው ስም ነው፤ ሙያው ማዕረግ ሆኖ ከስሙ ተጣብቋል። አምባሳደርም አስተዳዳሪም የነበረ ሰው መሆኑ ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚነሳው።

የአዲሱ ሕክምና ዐቅም ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ያሳየው ኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። «የኅዳር በሽታ» የተባለው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ዋና ከተማዋን ሲመታ ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነሱም ታመው የተኙ አሉ። አልጋ ወራሽ ተፈሪም በጠና ታመው ተርፈዋል። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቆሻሻ ሰብስቦ በየደጁ ማቃጠል፣ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ የሚደገመው ጭስ፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ሐኪሞች የሚመራውን ቤተ ሳይዳ ሆስፒታል ከፈቱ፤ እሱም በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከዚያም የካቲት 12 ሆነ። ከነፃነት በኋላ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ልዕልት ፀሐይ፣ ቆይቶም ጥቁር አንበሳ ተጨመሩ። ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ለንደን ነርስነት ተምራ በወጣትነቷ ካረፈችው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ግን ሆስፒታሎቹን የለየው በራሱ መንገድ ነው፤ ስማቸውን የበሽታ ስም አደረገው። «አማኑኤል ገባ» ሲባል አእምሮው ተነካ ማለት ነው። «ቅዱስ ጴጥሮስ» የሳንባ ነቀርሳ፣ «ዘነበወርቅ» የሥጋ ደዌ ሆኑ። «ጥቁር አንበሳ ተላከ» የሚለው ደግሞ የሌላው ሐኪም ቤት ዐቅም ማለቁን ይናገራል። ይህ ካርታ መንገድ ጠቋሚ ነው፤ ማንም ሰው በሽታውን ከነገሩት ወዴት እንደሚሄድ ይነግራል። በዚያው ልክ በር ይዘጋል። የሚያስለው ሰው የቅዱስ ጴጥሮስን ዳገት ሲወጣ ማን አየኝ ማለቱ፣ ቤተሰብም ልጁን አማኑኤል ከመውሰድ ይልቅ ዓመት ሙሉ ጠበል ለጠበል ማንከራተቱ ከዚህ የመጣ ነው።

የአገሩ ብዙ ሕዝብ ደግሞ ከነዚህ ስሞች ሁሉ ሩቅ ነበር። ለገጠሩና ለትናንሽ ከተሞች ዘመናዊ ሕክምና ማለት ድሬሰር ነበር። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ጥቂት ክኒኖችን ማደል የተማረ፣ ብዙ ጊዜ በጦር ሠራዊት ወይም በሚስዮን ሆስፒታል የሠለጠነ ሰው ነው። ነጭ ጋዋን ለብሶ መርፌውን ሲያፈላ ያየው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ ልማዱ ዛሬም አልጠፋም፤ ጤና መኮንኑም፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያለውም ዶክተር ነው፣ ነርሷ ደግሞ ሲስተር። ፔኒሲሊን የቁስልን ነገር ሲለውጥ የመርፌ ዝና ከፍ አለ፤ መርፌ ያልወጋ ሐኪም ምንም እንዳላደረገ ይቆጠር ጀመር። ገበያ ለገበያ የሚዞሩ መርፌ ወጊዎችም የተነሡት በዚህ ጥማት ነው። ከላይ የተጠቀሰው «መርፌ አይወድም» የሚለው ብሂል ሲታሰብ ነገሩ የሚገርም ነው፤ ሕዝቡ በመርፌ ከልክ በላይ ያምናል፣ መርፌ ሲወጉባቸው የሚገድሉ በሽታዎችም አሉ ብሎ ያምናል።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ሲቋቋም ከፊቱ የነበረው ሒሳብ ቀላል ነበር፤ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ዶክተር ማሠልጠን በአንድ ትውልድ አይቻልም። መልሱ የመጣው ከጎንደር ነው። በደምቢያ ሜዳ በደረሰ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ካለቁ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ተከፈተ። ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች አብረው ይማሩ ነበር፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። በደምቢያ ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ አብረው ይለማመዳሉ፤ ሲመረቁም እንደ ቡድን ይመደባሉ። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናትና ሕፃን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭና መጸዳጃ ያያል። ታማሚ መጥቶ እስኪያንኳኳ የማይጠብቅ፣ ራሱ ወደ ደጁ የሚሄድ ሐኪም ቤት ማለት ነው፤ በዓለም ዙሪያ ተመሳሳዩ ሐሳብ ስም ከማግኘቱ ከሃያ ዓመት በፊት። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አገሩን ያዳረሰው ወባ ወደ 150,000 ሰው እንደፈጀ ሲገመት፣ የጤና ጣቢያው ነገር የቅንጦት እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ሆነ። ዶክተሮችን አገር ውስጥ የሚያሠለጥን የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ግን በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው።

በጳጉሜ 1970 ዓ.ም. በአልማ አታ የተደረገው ጉባኤ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅን የዓለም መፈክር ሲያደርግ ደርግ ወዲያው ተቀበለው። በየገበሬ ማኅበሩ የጤና ኬላ እንዲሠራ፣ ነዋሪው የመረጣቸው የጤና ወኪሎች ጥቂት ወራት እንዲሠለጥኑ፣ የልምድ አዋላጆችም ምላጭና ክር በንጽሕና መያዝ እንዲማሩ ተደረገ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ በር ተጨመረ፤ መክፈል የማይችል ሰው ከሐኪም ቤት በፊት ቀበሌ ሄዶ የድህነት ማስረጃ ያወጣል። ማኅተም ያረፈባት ያቺ ወረቀት «ነፃ» ትባላለች። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ከሆነ በሽታው ይጠብቃል።

ትልቁ ለውጥ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ሁለት ወጣት ሴቶች ተመረጡ፤ አንድ ዓመት ሠልጥነው በደመወዝ ተቀጠሩ። የተሰጧቸው ሥራዎች በ16 ፓኬጅ የተከፈሉ ሲሆኑ ከመጸዳጃ ጉድጓድ እስከ ክትባትና ቤተሰብ ምጣኔ ይደርሳሉ። በጥቂት ዓመታት ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ከዚህ በፊት ከተሞከሩት ሁሉ የለያቸው አንድ ነገር አለ፦ ምርመራው የሚደረግበት ቤት ድረስ ገቡ፤ ከእናትና ከጎረቤት ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ምች ነው» ለምትል አያት ትኩሳቱ ወባ ሊሆን እንደሚችል የምትነግራት የራሷ ሰፈር ልጅ ሆነች። ሁልጊዜ ትሰማለች ማለት አይደለም፤ ገና ያላገባች ልጅ ስለ ወሊድ ስትመክር ፊት ያዞሩባት እናቶች ብዙ ነበሩ።

ከጤና ኬላው በላይ ያለው መንገድ ለእናቶች የሞት ሽረት ነው። አውቶሞቢል በማይገባበት አገር ሕመምተኛ የሚጓዘው በቃሬዛ ነው። በብዙ አካባቢ ቃሬዛ መሸከም እንደ እድር የተደራጀ ግዴታ ነው፤ ጥሪ ሲሰማ ጎረምሶች ተራ በተራ ይሸከማሉ፣ የቀረ ይቀጣል። ምጥ ቀን ሙሉ ከጠና በኋላ የተነሣ ቃሬዛ ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጅናልድ ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሊሠሩ መጥተው ያገኟቸው፣ ሽንት የማይቋጥሩና ከሰው የተገለሉ ሴቶች የዚያ መዘግየት ሰለባዎች ነበሩ፤ ለእነሱ የተለየው የፊስቱላ ሆስፒታል በ1967 ዓ.ም. ገደማ ተከፈተ። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ደግሞ ችግሩን ከሌላው ጫፍ ያዘው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በግቢው ጎጆ ሠርቶ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይመጣ መጥተው እንዲቆዩ አደረገ። እንጨትና እህል ቤተሰብ ያመጣል፤ ሴቲቱ እዚያው እየቀቀለች ቀኗን ትጠብቃለች። «የእናቶች ማቆያ» በሚል ስም ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያ ያለው ቤት ከዚህ የተቀዳ ነው። ለየወረዳው አምቡላንስ ሲታደል ደግሞ ቃሬዛው አስፋልት ወይም ጠጠር መንገድ እስኪደርስ ብቻ ሆነ።

ጠበልና ሐኪም ቤት ለረጅም ጊዜ እንደ ተቀናቃኝ ቢታዩም ታማሚው ራሱ ሁለቱን ሲያፈራርቅ ነው የኖረው። ነገሩ የከፋው በኤች አይ ቪ ዘመን ነው። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጠበል የገቡ ብዙዎች፣ ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ይሆናል ብለው ተዉት። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ከሁለት ዓመት በኋላ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ማንም የጤና ባለሥልጣን ሊከፍተው የማይችል በር በዚህ ተከፈተ።

ከደርግ ውድቀት በኋላ የግል ሕክምና ሲፈቀድ ከተማው በታፔላ ተሞላ። ክሊኒኩ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ፣ መድኃኒት ሻጩም ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት ቤት ተብሎ ተደለደለ። ታማሚው ግን ደረጃውን አያነብም፤ የሚያነበው ወረፋውን ነው። ቸኩሎ የሚሄደው ሠራተኛ መስኮቱ ላይ ክርኑን አስደግፎ «ለጉሮሮ የሚሆን ስጪኝ» ሲል ፋርማሲስቷ በአንድ ደቂቃ ሐኪም ትሆናለች፤ ካርድ የለም፣ ምርመራ የለም፣ የሚከፈለው የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ከቤቱ ቀጥሎ ያለው በር አሁን ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መንግሥት ያወጣው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ አጠቃላይና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች አሉ። ከድንገተኛ በቀር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሪፈር ነው። በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ይህን ሥርዓት በገንዘብ አጥብቆታል፤ አባሉ ደብተሩን ይዞ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ካልሄደ፣ ሆስፒታል ሲደርስ ከኪሱ መክፈል ይመጣበታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ደግሞ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ 8335 እንዲደውል ተነገረው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር በሙሉ የመጀመሪያው በር ስልክ መሆኑን በልቡ አጠና።

የጤና ጣቢያው ጠዋት ግን ዛሬም በካርድ ክፍል ይጀምራል። በመስኮቱ ቀዳዳ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ይጠየቃል፤ አሮጌ ካርድ ያለው ቁጥሩን ያሳያል፣ የጠፋበት ካርድ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው በመደርደሪያ መካከል ገብቶ እስኪፈልግለት ይቆማል። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ፣ ከዚያ «እማማ፣ ይግቡ»፣ ከዚያ ደምና ሽንት፣ ውጤት ጥበቃ፣ እንደገና ወረፋ። ከጣቢያው ዐቅም በላይ የሆነው ሪፈር ይጻፍለታል። ወረቀቱ ሁለት ክፍል አለው። የላይኛው ላኪው የሚሞላው ነው፦ የበሽተኛው ስም፣ የተገኘበት ምልክት፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ የተላከበት ምክንያት። የታችኛው ተቀባዩ ሆስፒታል ምን እንዳገኘና ምን እንዳደረገ ጽፎ ለላኪው የሚመልሰው ነው። የላይኛው በጥድፊያ ጽሑፍ ይሞላል፤ የታችኛው ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል፣ ወረቀቱም ሆስፒታሉ ካርድ ውስጥ ተሰፍቶ ይቀመጣል።